ገቢዬ በኅዳር ነው

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የጉማራን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ወረታ ሲቃረብ፣ በስተ ግራው እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ እንደ ወራቱ ሦስት ዓይነት መልክ ያሳየዋል፤ በነሐሴ ጉማራና ርብ ከአፋቸው ሞልተው የተኙበት ውሃ ነው፤ በመስከረም ከውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ሩዝ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ እዚህም እዚያም የተከመረ ነዶ፣ በአውድማ ላይ የሚዞር በሬ፣ ጆንያ የሚሰፋ ልጅ፣ ወደ ወረታ መፈልፈያ ቤቶች የሚያመራ ጋሪ ነው። የዚህ አገር ሰው ያለው ይሁን የሌለው ለማወቅ የሚሻ ቢኖር በዚህ በሦስተኛው ወቅት መጥቶ ክምሩን ቢመለከት ማንንም ሳይጠይቅ ይረዳዋል፤ በዚህ ሜዳ ላይ ገቢ ማለት በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ፣ ጎረቤት ሁሉ የሚመሰክርለት ነገር እንጂ በሣጥን የሚቈለፍ ምሥጢር አይደለምና።

ይህን ማውሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዐምና አንዲት ጎረቤቴ፣ ባላቸው ካረፉ ብዙ ዘመን የሆናቸው፣ አምስት ጥማድ የሩዝ መሬት ከወንድ ልጃቸው ጋር የሚያርሱ እናት፣ ባሕር ማዶ የምትኖረው ሴት ልጃቸው እንደ ፀነሰች በሰሙ ጊዜ፣ እንደ አገራችን ሥርዓት አራሷን ሊጠይቁ፣ ገንፎዋን ሊያገነፉላትና የመጀመሪያውን የልጅ ልጃቸውን በክርስትናው ዕለት ሊታቀፉ ተመኙ። ልጅቱም የጥሪ ደብዳቤ ላከች፣ የአውሮፕላኑንም ዋጋ እኔ እችላለሁ አለች፤ ነገር ግን ኤምባሲው ከልጅቱ ገቢ ሌላ የእናቲቱን የራሳቸውን ገቢ ማስረጃ ይሻ ነበርና፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር በመሆኔ ወረቀቱን የማሰባሰቡ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ከሣጥናቸው እያወጡ የሰጡኝን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ባለ አረንጓዴ ሽፋኑ የመሬት ይዞታ ደብተር አለ፤ በውስጡ የእሳቸውና የሟች ባላቸው ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። በክር የታሰሩ የግብር ደረሰኞች አሉ። ጠርዙ የተላላጠ የቁጠባ ደብተር አለ። በመጨረሻም ቀበሌው የጻፈላቸው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ግለሰቧ ነዋሪያችን መሆናቸውንና ኑሯቸውን በጥሩ ሁኔታ የሚመሩ መሆኑን ገልጾ፣ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው ዘንድ የሚጠይቅ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በዚያ ገጽ ላይ ከቀኑና ከደብዳቤው ቁጥር በቀር አንድም አኀዝ አልነበረበትም።

አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ደረስን። የጣት አሻራ በሚሰጡበት ክፍል መሣሪያው የእናቲቱን ጣቶች አላነብ ብሎ፣ ሠራተኛዋ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች አራት ጊዜ ደጋግማ አስነካቻቸው፤ የማጭድና የነዶ ሥራ የጣታቸውን መስመር አልፍቶት ነበር። ለቃለ መጠይቁ ብቻቸውን ገቡና ሲወጡ የሆነውን እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ፦ ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው ጐልማሳ በአስተርጓሚ አማካይነት በወር ምን ያህል ገቢ እንዳላቸው ጠየቃቸው፤ እሳቸውም «የወር ገቢ የለኝም ልጄ፤ የእኔ ገቢ በኅዳር ነው» ብለው መለሱ። ከአንድ ወር በኋላ በደረሳቸው የእምቢታ ወረቀት ላይ አመልካቿ የወር ገቢ እንደሌላቸው በራሳቸው አንደበት መናገራቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተጽፎ አገኘሁ። የንግግራቸው ሁለተኛ እኩሌታ በወረቀቱ ላይ የለም፤ የት ላይ እንደ ወደቀ፣ ከአስተርጓሚው አፍ ይሁን ከጸሐፊው ብዕር፣ ለማወቅ አልተቻለኝም።

መስታወቱን ተገን አድርጎ የሚጠይቀው ሰው ክፉ ነው አልልም፤ የተሰጠው ሕግ አለና። ለምሳሌ ያህል የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 የወጣው፣ በአንቀጽ 214 ንኡስ አንቀጽ ቢ ለጉብኝት የሚያመለክት ሰው ሁሉ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ ሊቀር እንደሚመጣ እንዲቈጠር ያዝዛል፤ ይህም ማለት የማስረዳቱ ሸክም ከመጀመሪያው በአመልካቹ ጫንቃ ላይ ነው፤ የሚከፍለውም ገንዘብ፣ ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከ160 ዶላር ወደ 185 ዶላር ከፍ ያለው፣ ቢፈቀድለትም ቢከለከልም አይመለስለትም። የአውሮፓ ኅብረትም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ ባጸናው ውሳኔ የቪዛውን መልስ መጠበቂያ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሟል፤ ቀድሞ ኤምባሲዎቹ ከሚጠየቁት ማስረጃዎች አንዳንዱን ለአመልካቹ ሊያስቀሩለት ይችሉ የነበረውንም ከልክሏል። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት መንግሥታችን ከአውሮፓ የሚባረሩ ዜጎቹን በመቀበል ረገድ በበቂ አልተባበረም የሚል ነበር፤ የክርክሩ ባለቤቶች መንግሥታት ሲሆኑ በመስኮቱ ፊት ቆማ የምትከፍለው ግን የሩዝ ገበሬዋ ናት።

እንግዲህ ዋናው ነገር የፎገራ ገበሬ ገቢ የለውም ወይስ አለው አይደለም፤ ያለው ገቢ በምን ልሳን ተጽፎ ይነበብ የሚለው ነው። ሩዝ በዚህ ሜዳ የቆየ እህል አይደለም፤ በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በሻጋና በጅግና የአምራች ገበሬዎች ማኅበራት ዘንድ ከዘሩት የተስፋፋ ነው፤ ከዝርያዎቹም ስመ ጥሩው እስከ ዛሬ በዚያው ስም ኤክስ ጅግና ይባላል። ከዚያ በፊት ጎርፍ የሚተኛበት ይህ መሬት ክረምቱን ያለ ሥራ የሚያልፍ፣ ውሃው ሲሸሽ ጓያ የሚዘራበት፣ የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነበር። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የቆመባት፣ መፈልፈያ ቤቶቿ የሚበዙ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደው መንገድ ከጎንደሩ መንገድ የሚገነጠልባት ሰፊ የገበያ ከተማ ሆናለች። ገበሬው በኅዳርና በታኅሣሥ ያጭዳል፣ ከጥር እስከ መጋቢት ይሸጣል፣ ሩዙ በተነሣበት እርጥበት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፣ መስኖ የደረሰው ሽንኩርት ይተክላል፤ በእጁ የገባውን ገንዘብም አብዛኛውን ባንክ ቤት አያደርሰውም፣ ጥጃ ይገዛበታል፣ ለማዳበሪያ ይከፍልበታል፣ ለልጁ ቤት ቆርቆሮ ያስመታበታል፣ ዕቁቡን ይጥልበታል።

እኛ በጥቅምት ነበር ያመለከትነው። ኤምባሲው የጠየቀው የስድስት ወር የባንክ መግለጫ ነውና፣ ሰዉ ስቴትመንት የሚለው ያ ወረቀት ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም ያለውን ብቻ አሳየ፤ ይኸውም ገበሬ ሁሉ የሚያወጣበት እንጂ የሚያስገባበት ያልሆነው ወራት ነው። ሚያዝያ ለማዳበሪያ፣ ሰኔ ለዘርና ለአራሚ፣ ነሐሴ ለቀለብ፣ መስከረም ለተማሪ ደብተርና ለበዓል፤ መስመሩ ሁሉ ወጪ፣ ወጪ፣ ወጪ ይላል። በየካቲት የገባው የሩዝ ዋጋ ከወረቀቱ ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል አልፎ ቀርቷል። ያንኑ ደብተር ሁለት መኸር የሚያሳይ የሃያ አራት ወር መግለጫ አድርገን ብናወጣው ኖሮ፣ ማንም የሒሳብ ሰው አንድ ጊዜ በእጁ ገልበጥ አድርጎ፣ በየዓመቱ በየካቲት የሚሞላና በጳጉሜን የሚጎድል ኑሮ መሆኑን ባወቀው ነበር። ይህን ያላሰብሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለ መሬቱስ ምን እንበል? በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው ብሏል፤ በክልላችንም ሕግ የተደነገገው ገበሬው የሚይዘው የይዞታ መብት ነው። ስለዚህም አረንጓዴው ደብተር እናቲቱ ስንት ጥማድ፣ ከማን ጋር ተዋስነው እንደሚያርሱ ይናገራል፤ መሬቱ ይህን ያህል ብር ያወጣል ሊል ግን አይችልም፣ የሚሸጥ ነገር አይደለምና። የግብሩም ደረሰኝ እንደዚሁ ነው፤ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውና የግብርና ሥራ ገቢ ግብሩ የሚታሰበው በመሬቱ ስፋት እንጂ በተሰበሰበው እህል ልክ ባለመሆኑ፣ ጎርፍ የወሰደበትና ጎተራው የሞላለት ገበሬ ያንኑ ደረሰኝ ይዘው ይመለሳሉ። በዚያ ላይ የባሕረ ሐሳባችን ነገር አለ፤ በ2016 ዓ.ም. የተቈረጠውን ደረሰኝ ተርጓሚው ቀኑን ሳይመልስ ቢያልፈው፣ የፈረንጁ አንባቢ ስምንት ዓመት የከረመ አሮጌ ወረቀት ያቀረቡለት ይመስለዋል። የልጅቱ ስም በአባቷ፣ የእናቲቱም ስም በእሳቸው አባት የሚጠራ በመሆኑ እናትና ልጅ መሆናቸውን ማስረዳት ራሱ ሌላ ወረቀት አስፈልጎታል፤ ይህን ግን የልደት ማስረጃው ጨርሶልናል።

በወረታ ደረቅ ወደብ አጠገብ ሳልፍ ብዙ ጊዜ የማስበው ነገር አለ። ከጅቡቲ ተጭኖ የመጣ አንድ ኮንቴይነር በውስጡ ምን እንዳለ፣ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ የሚናገር ወረቀት አብሮት ይጓዛል፤ ያንን ወረቀት የየትም አገር ወደብ ሠራተኛ ያነበዋል፣ ያምነዋልም። ከዚያው ወደብ ጥቂት ራቅ ብላ ሩዝ የምታጭደው እናት የዕድሜ ልክ ድካሟን የሚናገር አንድም እንዲህ ያለ ገጽ የላትም። ለብረት ሣጥን ያሰብነውን ያህል ለሰው አላሰብንም።

የጥፋቱን ድርሻ ሁሉ በባዕዳን ላይ ብጥለው ሐሰት ተናገርሁ ማለት ነው። በየከተማው የባንክ መግለጫ እናሠራለን የሚሉ ደላሎች መኖራቸውን፣ ሦስትና አራት ሰው ተጋግዞ ገንዘብ በአንድ ሰው ሒሳብ ካስገባ በኋላ ወረቀቱ በወጣ ማግሥት መልሶ እንደሚከፋፈለው፣ የሌለ ንግድ ፈቃድና የሌለ ሕንፃ ኪራይ ውል ተጽፎ ማኅተም እንደሚመታበት የማያውቅ የለም። ይህን የሚያደርገው ሰው አንድን የውጭ አገር መንግሥት ያታለለ ይመስለዋል እንጂ፣ በእውነቱ ያታለለው ከኋላው ተሰልፋ የምትጠብቀውን፣ ባላት ልክ ብቻ የምትናገረውን ጎረቤቱን ነው፤ በእርሱ ሐሰት ምክንያት የእሷ እውነት ዋጋ ያጣልና። እናቲቱም ከመሄዳችን በፊት አንድ ዘመዳቸው ይህንኑ ምክር አቅርቦላቸው፣ «የልጅ ልጄን ለማየት ብዬ በሐሰት ምዬ እንዴት ብዬ ቆርቤ እቀመጣለሁ» ብለው እምቢ እንዳሉት እኔ ምስክር ነኝ።

ነገሩ በአገር ቤት ብቻ የሚያበቃ ቢሆን መልካም ነበር፤ ባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቻችንም በሌላው ጫፍ ያንኑ ገመድ ይጎትታሉ። በአሜሪካ የሚኖር ሰው ሚስቱን ወይም እናቱን በቋሚነት ለመውሰድ ሲያመለክት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ገቢው ለቤተ ሰቡ ቁጥር ከተወሰነው የድህነት ወለል ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል፤ በ2024 ለሁለት ሰው ቤተ ሰብ ይህ 25,550 ዶላር ነበር። የሐሳቡ ሥር ግን ከዚያ ይጠልቃል፤ በመንግሥት ጫንቃ ላይ ሸክም የሚሆን ሰው አይግባ የሚለው ቃል በአሜሪካ ሕግ ውስጥ ከ1882 ጀምሮ አለ። በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ፈተና የሚገጥማቸው እዚህ ላይ ነው። ራሱን ቀጥሮ የሚሠራ ሰው ከገቢው ላይ ነዳጁን፣ ጥገናውንና ኢንሹራንሱን ቀንሶ ለግብር የሚያስመዘግበው የተጣራው ትርፍ ብቻ ነው፤ ለግብር ሲሉ ትንሿን ቁጥር የወደዱ ሁሉ፣ ሚስት ለማምጣት በተነሡ ጊዜ ያችው ትንሽ ቁጥር ከፊታቸው ትቆማለች። የተቈረጠው ገደብ ያልሞላለት ሌላ ተባባሪ ዋስ እንዲያቀርብ፣ ወይም ንብረቱን እንዲያሳይ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ብዙ ሰው ግን ይህን የሚያውቀው ከተከለከለ በኋላ ነው።

በእንግሊዝ አገርም የትዳር ጓደኛን ለማስመጣት በ2004 ዓ.ም. 18,600 ፓውንድ ሆኖ የተወሰነው የዓመት ገቢ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ ብሏል። የዚያ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2009 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ ገደቡን ራሱን ባይሽረውም፣ የሕፃናቱን ጥቅምና ሌሎች አስተማማኝ የገቢ ምንጮችን ከግምት ማስገባት ተገቢ ነው ብሏል። ይህን የማነሣው እንደ ዐለት የጸና የሚመስለው ሥርዓት፣ በቂ ምክንያት በርቱዕ ቋንቋ ሲቀርብለት ለሌላም ዓይነት ማስረጃ በሩን ሊከፍት እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው።

አባቶቻችን የነገርን እውነትነት የሚያጸኑት በሰው ምስክርነትና በመሐላ ነበር፤ በግእዝ ምስክርም፣ ስለ እምነቱ ደሙን ያፈሰሰውም በአንድ ቃል ሰማዕት ይባላሉ፤ ምስክርነትን እስከዚህ ድረስ አክብረውታል። መሐላ በዛሬው ዓለም መንግሥታት ዘንድ ዋጋው እየወደቀ መሄዱን ግን የራሳቸው የምዕራባውያን ዜጎችም ቀምሰውታል። በታይላንድ የሚኖሩ አሜሪካውያን ጡረተኞች ገቢያቸውን ለአገሩ ኢሚግሬሽን የሚያስረዱት፣ በኤምባሲያቸው ቀርበው ገቢዬ ይህን ያህል ነው ብለው በሚምሉበት ወረቀት ነበር፤ ኤምባሲው የሚያረጋግጠው ፊርማውን እንጂ ቁጥሩን አልነበረም። የታይላንድ ሹማምንት ቁጥሩንም አረጋግጡልን ባሉ ጊዜ ይህ አይቻለንም ተባለና፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የእንግሊዝ ኤምባሲ በ2018 መጨረሻ፣ የአሜሪካም በ2019 መጀመሪያ የገቢ ማረጋገጫ ወረቀት መስጠት አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ጡረተኛው ወይ በየወሩ 65,000 ባህት መግባቱን፣ ወይ 800,000 ባህት በባንክ መቀመጡን ያሳያል። እነሆ፣ ወርን ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የተከማቸንም ንዋይ የሚቀበል ሕግ በዓለም ላይ አለ፤ የፎገራ ገበሬ የሚጠይቀው ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም።

ታዲያ የእኛ ቢሮዎች ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ሩቅ ሳይሆን እደጃቸው ነው። በየቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ አለ፤ ማን ስንት ጥማድ ሩዝ እንደ ዘራ፣ በጥማድ ስንት ኩንታል እንዳገኘ ያውቃል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚገዛውን ይመዝናል፤ መፈልፈያ ቤቱ የፈለፈለውን በኩንታል ያስከፍላል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ጸሐፊ «በጥሩ ሁኔታ የሚኖሩ» የሚለውን ቃል ትቶ፣ ይህን ያህል ጥማድ መሬት፣ ባለፉት ሁለት መኸሮች ይህን ያህል ኩንታል ሩዝና ሽምብራ፣ በዚህ ወር በዚህ ዋጋ የተሸጠ፣ ይህን ያህል ላምና በሬ ብሎ፣ ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር ጽፎ፣ የሚጠየቀውን ሠራተኛ የመሥሪያ ቤት ስልክ ቢያክልበት፣ ያ ወረቀት በማንኛውም ልሳን ቢተረጐም ትርጕሙ አይጠፋም። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚመታው የማረጋገጫ ማኅተም የፊርማውንና የማኅተሙን እውነተኛነት እንጂ የደብዳቤውን ይዘት አይመረምርም፤ ስለዚህ እውነቱ መጀመሪያ በቀበሌ ካልተጻፈ ወዲያ የሚጨምርለት የለም። ኤምባሲዎቹም ለደመወዝተኛ የደመወዝ ደብዳቤ፣ ለነጋዴ ንግድ ፈቃድ እንደሚሉት ሁሉ፣ ለገበሬ ምን እንደሚበጅ በዝርዝራቸው ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው በምን መተዳደሪያ እንደሚኖር አወቁ እንላለን።

በዚህ በያዝነው ዓመት በኅዳር፣ እናቲቱ ወደ አውድማቸው ጠርተውኝ ሄድሁ። ሕፃኑ ተወልዶ፣ ክርስትናውም አያቱ ሳይኖሩ ተነሥቶ፣ አሁን በስልክ መስኮት ውስጥ ሲድህ ያዩታል፤ ግን እንደ ገና ሊያመለክቱ ቆርጠዋል። የልማት ሠራተኛውና ሁለት ሽማግሎች በጆንያው ላይ ተቀምጠው፣ እኔም አንድ የተማሪ ደብተር ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የእናቲቱ ልጅ ጆንያውን አንድ በአንድ እያነሣ ሲቈጥር በሁለቱ አቈጣጠር ቀኑን ጻፍሁና ከሥሩ 43 ኩንታል ብዬ አሰፈርሁ። ሽማግሎቹ ሊፈርሙ ብዕሩን ሲቀበሉኝ፣ ከዳር ሆነው ሩዙን ሲያበጥሩ የነበሩት እናት ሰፌዳቸውን አስቀምጠው መጡና፣ «መምህር፣ ለአጫጆቹ የሚሰጠው አንድ ኩንታል አለበት፤ ያ የእኔ አይደለም፣ ይቀንሱት» አሉኝ። 43ን ሰርዤ 42 ብዬ ጻፍሁ።